የጀመዓው ኮምፒውተር ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን ከተያዙት አጀንዳዎች አንዱ የቢሯችን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችሁ «ይሄም አጀንዳ ሆኖ ነው?» ትሉ ይሆናል። አምና ቢሆን እኔም እንዲሁ ነበር የምለው። አሁን ግን የምናገረው አለኝ። ከስብሰባው በፊት በጽሑፍ ላቀርበው የፈለግኩትም ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔው ስለሆንኩ ነው። በአዳራሽ ቆሜ ስናገር አንዱን ነገር ልደብቅ እችላለሁ፤ ሲጻፍ መደበቅ ይከብዳል።

የሆነው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፣ ኡቡንቱ በሚባለው። በላዩ ላይ የተቀዱ ደርሶች፣ የአባላት መዝገብና የሒሳብ ያዡ ፎልደር አሉ። ደርሱ ለሁሉም ክፍት ነው። የሒሳብ ያዡ ፎልደር ግን በእርሱ ስም ካልተገባ አይከፈትም ነበር። አንድ ቀን ዐስር ሰግደን እንደወጣን አንዲት እህት ደርሶቹን በፍላሽ ልትወስድ ፈልጋ ፋይሎቹ እምቢ አሏት። ከሌላ ኮምፒውተር የተገለበጡ ስለነበሩ ፈቃዳቸው ተዛብቶ ነበር። እኔ ደግሞ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አውቃለሁ። ተርሚናል ከፍቼ በሱዶ አንድ ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ይህን ፎልደርና በውስጡ ያለውን ሁሉ ማንም ያንብበው፣ ማንም ይጻፍበት፣ ማንም ያስነሳው የሚል።

«ይህ ፎልደር» በሊኑክስ አጻጻፍ አንዲት ነጥብና አንዲት ስላሽ ናት። እኔ ነጥቧን ዘለልኳት። ስላሽ ብቻዋን ስትቀር ትርጉሟ «ይህ ፎልደር» መሆኑ ይቀርና «መላው ኮምፒውተር፣ ከሥሩ ጀምሮ» ይሆናል። ኢንተር ነካሁ። «እርግጠኛ ነህ?» ያለኝ የለም። የስህተት መልእክት በስክሪኑ ላይ ሲንጋጋ ነው የነቃሁት። ያን ጊዜ ሥራው አልቋል።

የመጀመሪያው ጉዳት ሲነገር ያስቃል። ሱዶ ራሱ ሞተ። ሱዶ ተራውን ተጠቃሚ ለአንዲት ትእዛዝ ያህል አስተዳዳሪ ማድረግ የሚችለው ፋይሉ ላይ ልዩ ምልክት ስላለበት ነው። የእኔ ትእዛዝ ያንን ምልክት ጠራርጎ አጠፋው። በሩን ሁሉ ልክፈት ብዬ ቁልፉን ሰበርኩት ማለት ነው። የተበላሸውን ለማስተካከል ሱዶ ያስፈልጋል፣ ሱዶ ደግሞ የለም።

ሁለተኛው አያስቅም። እህት ደርሷን ወስዳ አመስግናኝ ሄደች። እኔ «ነገ ከፍላሽ አስነስቼ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ ፈተና ነበረኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድም ከዙህር በኋላ ጥግ ይዞ ጠበቀኝ። ደርስ ሲፈልግ የሒሳብ ያዡ ፎልደር ተከፍቶለት ገብቷል። እዚያ ውስጥ በሰደቃው ገንዘብ የተረዱ ተማሪዎች ዝርዝር አለ። ለመድኃኒት ስንት፣ ለትራንስፖርት ስንት፣ ለማን እንደተሰጠ ይላል። የራሱ ስምም አለበት። አልተቆጣም። በኦሮምኛ ቀስ ብሎ «ስሜን ስንት ሰው አይቶታል?» ብቻ ነው ያለኝ።

መልስ አልነበረኝም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ያንን ፋይል ማን እንደከፈተው ኮምፒውተሩ መዝግቦ አልያዘም፤ እንዲይዝ ያዘዘው አልነበረም። ያ ወንድም ይህን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት አንብቦታል። አንድ ዐረፍተ ነገር እንዳወጣ ጠየቀኝ፤ አውጥቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ሁለት ሐሳብ ይሰማል። አንደኛው «እኛ ወንድማማቾች ነን፣ መተማመን ካለ የይለፍ ቃሉን የሥራ አስፈጻሚው አባል ሁሉ ይያዘው፣ ሥራ አይጓተት» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ማንም አይያዘው፣ ሲበላሽ ከተማ ወስደን ለባለሙያ እንስጥ» ይላል። ሁለቱም ከልብ የመነጩ ናቸው። በሁለቱም አልስማማም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ይህ አስተዳዳሪ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ጥቂት ልበል፤ ኮምፒውተር የምታጠኑ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።

ሊኑክስ አሠራሩን የወረሰው ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ቤል ላብስ ከተሠራው ዩኒክስ ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ተጠቃሚ የሚያውቀው በቁጥር ነው። እኔ 1000 ልሆን እችላለሁ፣ ሒሳብ ያዡ 1001። አንድ ቁጥር ግን የተለየ ነው፤ ዜሮ። ዜሮ ቁጥር ያለው ተጠቃሚ ሩት ይባላል፣ «ሥር» ማለት ነው። ለሌሎቻችን «ይህ የአንተ ነው? ፈቃድ አለህ?» እያለ የሚጠይቀው ሲስተም ለዜሮ አይጠይቅም። የማንንም ፋይል ያነባል፣ የማንንም ይሰርዛል፣ የይለፍ ቃል ይቀይራል። ሩት የሰረዘው ቅርጫት ውስጥ አይጠብቅም። ሱዶ ደግሞ በ1980 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ሙሉ ቀን ሩት ሆኖ ከመቀመጥ ለሚያስፈልገው አንድ ሥራ ብቻ ሥልጣኑን ተውሶ መመለስ ያስችላል። ኡቡንቱ ከመጀመሪያው እትሙ፣ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሩትን አካውንት ቆልፎ ነው የሚመጣው፤ የሚሰጠን ሱዶን ነው። በብዙ ሊኑክሶች ላይ ሱዶን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠቀሙ አጭር ማሳሰቢያ ይወጣል። ከሦስቱ ነጥቦች የመጀመሪያው ስለ ፋይል መጥፋት አይደለም። የሌላውን ሰው ምስጢር ስለማክበር ነው። ስንት ጊዜ አይቼው ሳላነብ አልፌዋለሁ።

«ማንም አይያዘው» የሚለው ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ጋር ነው። ቁልፍ የሌለው ኮምፒውተር አይታደስም። በጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) በሱዶ ውስጥ ወደ 10 ዓመት ገደማ ተደብቆ የኖረ ቀዳዳ መገኘቱ ይፋ ሆነ። በዚያ ቀዳዳ በኮምፒውተሩ ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ሩት መሆን ይችል ነበር። መድኃኒቱ ማሻሻያውን መጫን ብቻ ነበር። ያንን የሚጭነው ግን አስተዳዳሪ ነው። ከተማ ወስደን ለባለሙያ እንስጥ ካልንም ያን ዝርዝር ለማናውቀው ሰው አስረክበን «ሲያልቅ ደውልልን» ብለን መመለሳችን ነው። ባለሙያው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የተረዱት ልጆች ስም ግን ከእርሱ ዘንድ ምን ሥራ አለው?

ደግሞም እንዲህ ስል አንድ ነገር እንዳይበላሽብኝ እፈራለሁ። የእኔን ጥፋት ሰምታችሁ ሊኑክስን ወይም ሩትን እንድትሸሹ አልፈልግም። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በገዛ ገንዘባችሁ የገዛችሁት ዕቃ ሙሉ ሥልጣን የእናንተ ቢሆን ምን ክፋት አለው? በስልካችሁ ላይ ሩት እናንተ አይደላችሁም፤ ባለሥልጣኑ ስልኩን የሠራው ኩባንያ ነው። የማትፈልጉትን አፕ እንኳ አላጠፋም የሚላችሁ ለዚህ ነው። በሊኑክስ ላይ ግን እስከ ሥሩ ድረስ የእናንተ ነው፣ በነፃ፣ ፈቃዱ በጽሑፍ ተሰጥቶ።

በዚህ አንጻር የብዙዎቻችንን ዊንዶውስ እዩት። ሰው ሊኑክስን «አደገኛ ነው፣ አንድ ትእዛዝ ሁሉን ያጠፋል» ይለኛል፤ እርሱ ግን ክራክ የተደረገ ዊንዶውስና ክራክ የተደረገ ኦፊስ ነው የሚጠቀመው። ክራኩ ሲጫን ምን ይላል? «አንቲቫይረሱን አጥፋ፣ በአድሚኒስትሬተር ክፈተኝ።» እኛም «የስ» እንላለን። ማን እንደሠራው ለማናውቀው ፕሮግራም የኮምፒውተራችንን ሙሉ ሥልጣን አስረከብን ማለት ነው። ከዚያ ፍላሻችን በሾርትከት ቫይረስ ተሞልቶ ከኅትመት ቤት ሲመለስ እንገረማለን። ያልተከፈለበትን ዕቃ መጠቀም ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ለዑለማዎቻችን እተወዋለሁ። እኔ የምለው ስለ ሥልጣኑ ነው፤ ሁላችንም አስተዳዳሪዎች ሆነናል፣ የምንሰጠውን ግን አናውቅም። ሊኑክስ ቢያንስ የይለፍ ቃል ጠይቆ ያስቆመናል።

ወለጋ ላለን ሰዎች ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ በእኛ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት አልነበረም። ያንን ወቅት ከጊምቢ፣ ከሻምቡ ወይም ከደምቢ ዶሎ የመጣችሁ ከእኔ በላይ ትነግሩኛላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ወደ ኢንተርኔት ግባና ፈቃድህን አረጋግጥ» የሚል ፕሮግራም ሬሳ ነው። ሊኑክስ ፕሮግራሞቹን ሁሉ ከነማሻሻያቸው በሃርድ ዲስክ ገልብጦ፣ ኔትወርክ በሌለበት ከዶርም ዶርም ማዳረስ ይፈቅዳል። ለዚህም ግን በገዛ ማሽኑ ላይ አስተዳዳሪ መሆንን የማይፈራ ሰው ያስፈልጋል። መብራት በማሻሻያ መሃል ሲጠፋ ግማሽ የተጫነውን አስጨርሶ የሚያስነሳም እርሱ ነው። እርሱ ደግሞ የሚገኘው የራሱን ላፕቶፕ ሁለት ሦስት ጊዜ ካበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ አበላሹ፤ የራሳችሁን።

ስታበላሹ ግን በልክ ይሁን። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በምብልቢ የሚባል፣ የላፕቶፕ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ የሊኑክስ ፕሮግራም ነበር። መጫኛው ውስጥ በአንድ የመሰረዣ መስመር ላይ አንዲት ባዶ ቦታ በስህተት ገባች። ሰዎች በሩት ሥልጣን ሲጭኑት የፕሮግራሞቻቸውን ዋና ፎልደር ሙልጭ አድርጎ አጠፋባቸው። በአንዲት ባዶ ቦታ! የእኔዋ ነጥብ ብቻዋን እንዳልሆነች ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። ለዚህ ነው በየቀኑ በተራ ተጠቃሚ ስም መሥራት፣ ሱዶን ሲያስፈልግ ብቻ መጥራት የሚባለው። ከሰው የተላከላችሁን ትእዛዝ ሳታነቡ በሱዶ አትለጥፉ። ለጂሲዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሩት አለመሆን ሲስተሙን ያድናል እንጂ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን አያድንም። እርሱ በእናንተው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ለማጥፋት ሱዶ አይጠይቅም። ሌላ ቦታ ቅጂ አስቀምጡ።

እስካሁን ያልኩት ስለ ራስ ማሽን ነው። የጀመዓው ኮምፒውተር ግን የማንኛችንም አይደለም፣ የላቡም እንዲሁ። «ሲስተሙ ከፈቀደልኝ ምን አጠፋሁ?» ለሚለኝ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊትን አስታውሰዋለሁ። ረመዳን ከገባ ሳምንት አልሞላውም ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ሲያሻሽል በተፈጠረ ስህተት ሰዎች በአካውንታቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ከግቢ ግቢ በስልክ ሮጠ። ለሱሁር መነሳት የሚገባን ተማሪዎች ኤቲኤም ፊት ተሰለፍን የሚል በየዩኒቨርሲቲው ይነገራል። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው የተወሰደው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። የሳይበር ጥቃትም አልነበረም፤ ማንም በር አልሰበረም። በሩ ተከፍቶ ነው የተገኘው። ዩኒቨርሲቲዎች «መልሱ» የሚል ማስታወቂያ አወጡ፣ ባንኩም ያልመለሱትን ስምና ፎቶ አደባባይ አወጣ።

ያን ሌሊት በስልኩ ላይ «ተሳክቷል» የሚለውን መልእክት ያየ ሰው ፈቃድ ያገኘ መስሎት ሊሆን ይችላል። ማሽን ግን የሚያውቀው መቻልን ብቻ ነው። ዜሮ ቁጥር ላለው «ትችላለህ» ይለዋል፤ «ይገባሃል» ብሎ አያውቅም፣ ሊልም አይችልም። የይለፍ ቃሉን ለአንድ ሥራ ተሰጥቶን ለሌላ የምንጠቀምበት ከሆነ፣ ወይም የላቡን ቃል ከጓደኛ ሰምተን «ለጥሩ ነገር ነው» ብለን የምንገባበት ከሆነ፣ ከኤቲኤሙ ሰልፍ በምን እንደምንለይ አይታየኝም። እኔ ሌላውን ፎልደር የማየት ሐሳብ አልነበረኝም፤ ሆኖም የሰው አማና አፍስሻለሁ። ንጹሕ ኒያ ነጥቧን አልተካልኝም።

እንግዲህ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። የሩት አካውንት እንደተቆለፈ ይቆይ። አሁን በብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው የጋራ የይለፍ ቃል ይሰረዝ። ሹራው ሁለት ሰው ይምረጥ፣ አንድ ወንድምና አንዲት እህት ቢሆኑ እመርጣለሁ። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስምና በየራሳቸው ቃል ሱዶ ይኑራቸው። እንዲህ ሲሆን ማን፣ መቼ፣ ምን ትእዛዝ እንደሰጠ ኮምፒውተሩ በስማቸው ይመዘግባል። በጋራ ቃል ስንገባ ግን መዝገቡ «አስተዳዳሪው» ብቻ ይላል፣ አስተዳዳሪው ደግሞ ሁላችንም ነን፣ ስለዚህ ማንም አይደለም። መተማመን ካለ ለምን መዝገብ ለሚሉ ወንድሞች የምመልሰው፣ መዝገቡ እኔንም ያድነኝ ነበር ብዬ ነው። ያጠፋሁት ያን ቀን ብቻ መሆኑን ዛሬ የማረጋግጥበት የለኝም። በቃሌ ነው የምታምኑኝ።

በመዝገቡም ብዙ አንመካ። ሱዶ ያለው ሰው መዝገቡን ራሱን መሰረዝ ይችላል። ሱዶ ያለው ሰው የሒሳብ ያዡን ፎልደርም፣ የቱንም ያህል ዝግ ቢሆን፣ ማንበብ ይችላል። ስለዚህ የተረዱት ተማሪዎች ዝርዝር በፈቃድ ብቻ መጠበቁ ይቅር። ወይ ከዚያ ኮምፒውተር ይውጣ፣ ወይ ሒሳብ ያዡ ብቻ በሚያውቀው ቃል ይመሥጠር። የተመሠጠረውን ፋይል ሩትም ቢከፍተው የሚያየው ትርጉም የሌለው ፊደል ነው። ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ ከአሚሩ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሒሳብ ያዡ ቢታመም ወይም ቢመረቅ ያስፈልጋል። ስሞቹን ጭራሽ አለመጻፍ፣ በቁጥር መተካትም ይቻላል። ይህን ያቀረበችው አንዲት እህት ናት፣ እኔም ከሁሉ ይሻላል እላለሁ።

የቀረው አንድ ነገር ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ስህተት በዚያው ቀን ይነገር። ጊትላብ የሚባለው የፕሮግራመሮች ድርጅት በጥር 31 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ማታ የደረሰበትን አንብቡ። የደከመው አንድ ሠራተኛ በሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ከዋናው ላይ ሰረዘ። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነበር። መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛሉ የተባሉት ዘዴዎች ሲታዩ የሚሠሩ አልነበሩም። በአጋጣሚ ከ6 ሰዓት በፊት የተወሰደ አንድ ቅጂ አዳናቸው። እነርሱ ያደረጉት ግን የሚገርም ነው፤ የጥገናውን ሥራ በቀጥታ ለሕዝብ አስተላለፉ፣ የሆነውንም ሳይደብቁ ጻፉ። ሰዎች ከዚያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይማራሉ። እኔ በዚያው ምሽት ለሒሳብ ያዡ ደውዬ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩን አጥፍተን እናድር ነበር። ያ ወንድምም ስሙን አያይም ነበር። የእኔ ሦስት ቀን ዝምታ ከነጥቧ ይበልጥ ጎዳው።

ስለዚህ ሹራው የሚመርጣቸው ሰዎች ስህተታቸውን ሲነግሩን እንዳንሳለቅባቸው ከወዲሁ እንስማማ። የሚፈራ ሰው ይደብቃል፤ ከራሴ ነው የማውቀው።

ከሁለቱ አንዱ እኔ እንድሆን የጠቆማችሁኝ አላችሁ። ዘንድሮ ይቅርብኝ። ይልቅ ከስብሰባው በኋላ ባለው ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ በቢሯችን እቀመጣለሁ። ኡቡንቱን በራሱ ላፕቶፕ መጫን የሚፈልግ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይዞ ይምጣ፤ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ፋይሎቹን ሌላ ቦታ ይገልብጥ። የእኔን እጅ አታውቁትም።

ወሰላሙ ዐለይኩም።

ከአራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ነቀምቴ